ቤቱ ፊቱን ወዴት አዞረ?

ባለፈው ሚያዝያ አክስቴን ልጠይቅ ጎንደር፣ አዘዞ ሄጄ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አክስቴ የምትኖረው በድሮው ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ልጇ ደግሞ እዚያው ግቢ፣ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ አዲስ የብሎኬት ቤት ሠርቷል። መስኮቱ አልሙኒየም፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ዓይን ይስባል። ቡናው የተፈላው ግን ጭቃ ቤቱ ውስጥ ነው። ለምን አዲሱ ቤት እንዳልገባን ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ ያማ በዚህ ሰዓት ምድጃ ነው» አለችኝ።

ልወጣ ስል፣ ወደ 11 ሰዓት፣ የሁለቱንም ቤት የምዕራብ ግድግዳ ከውስጥ በኩል በመዳፌ ነካሁ። የብሎኬቱ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ይሞቃል። የጭቃው ቀዝ ያለ ነው። ፀሐዩ አንድ፣ ግቢው አንድ፣ ቀኑም አንድ።

ሰሞኑን «ግሪን ህንፃ» የሚለው ነገር በየቦታው ይሰማል። ብዙ ሰው ሲሰማው ትዝ የሚለው ጣሪያው ላይ ሶላር የተደረደረበት፣ ግድግዳው ላይ አበባ የተንጠለጠለበት ፎቅ ነው። ስለዚህ «የሀብታም ነገር ነው» ብሎ ይተወዋል። እኔ ደግሞ ነገሩ የሚጀምረው ከእነዚያ ሁለት ግድግዳዎች ነው ባይ ነኝ። ዛሬ እሱን ላስረዳ።

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። ግሪን ህንፃ ማለት ሲሠራም ሆነ ሲኖሩበት ትንሽ ኃይልና ትንሽ ውሃ የሚበቃው፣ ውስጡ ያለውንም ሰው የማይጎዳ ቤት ነው። በዓለም ላይ ለእንዲህ ዓይነት ሕንፃ ምስክር ወረቀት የሚሰጡ አሉ። ለምሳሌ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ያወጣው «ኤጅ» የሚባል መለኪያ አለ። አንድ ሕንፃ በአካባቢው ከተለመደው ሕንፃ ጋር ሲነጻጸር በኃይል 20 በመቶ፣ በውሃ 20 በመቶ፣ በግንባታ ዕቃው በኩልም 20 በመቶ እንዲቆጥብ ይጠይቃል። ልብ በሉ፤ ሶላር ስቀሉ አይልም። ቆጥቡ ነው የሚለው። ለመቆጠብ ደግሞ ከሁሉ በፊት የቤቱ አቀማመጥ ይቀድማል። እሱ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው ያለችው። ይህ ምን ማለት ነው? አብዛኛውን ዓመት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው የምታልፈው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። በሁለቱም ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ከፍ ያለች ስለሆነች በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ላይ ብዙ አትበረታም። ትንሽ ክፈፍ ይበቃታል። 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ታኅሣሥ ላይ፣ ፀሐይ በጣም ወደ ደቡብ በምታዘነብልበት ጊዜ እንኳ፣ በደቡቡ ግድግዳ ላይ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል።

የምዕራቡ ሌላ ነገር ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ግድግዳውን ትመታለች። ያው ክፈፍ ያኔ የሚጥለው ጥላ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። መስኮቱ፣ ግድግዳው፣ ሁሉም ለፀሐይ ተሰጥቷል። የምሥራቁም እንደዚሁ ነው፤ ግን የጠዋት ፀሐይ ሌሊቱን በቀዘቀዘ ቤት ላይ ስለምትወጣ ያን ያህል አያስመርርም። ጎንደር ብርድ ስላላት ጠዋት ጠዋት እንዲያውም ትፈለጋለች።

ስለዚህ ቤቱ ረዘም ያለ ከሆነ፣ ረዥሙን ጎኑን ለሰሜንና ለደቡብ፣ ጠባቡን ለምሥራቅና ለምዕራብ መስጠት ነው። መኝታ ቤት ወደ ምሥራቅ፣ ሽንት ቤትና ዕቃ ቤት ወደ ምዕራብ ቢሆኑ ይመረጣል። በቃ ይኸው ነው። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ግማሽ ቀን ማሰብ ይበቃል። እኛ ጋ ግን ቤት ፊቱን የሚያዞረው ወደ አስፋልት ነው። የአክስቴ ልጅም እንደዚያ አደረገ። መንገዱ በምዕራብ ነው፣ ቤቱም ረዥም ጎኑን ለምዕራብ ሰጠ፤ ትልቁን መስኮት እዚያው ላይ አወጣ። ማንም አልነገረውም። ግንበኛውም አልነገረው። እኔን የሚቆጨኝ ይኸ ነው። የማያስከፍለው ነገር ነው የሚያመልጠን።

ቦታው ጠባብ ሆኖ ማዞር ካልተቻለስ? የምዕራቡን መስኮት ማሳነስ፣ ከውጭ ጥላ ማበጀት። መጋረጃ ከውስጥ ነው፤ ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ሙቀቱ ቤት ውስጥ ይቀራል። ጥላ ከውጭ ሲሆን ነው የሚሠራው።

ከጥላ ሁሉ ደግሞ ዛፍ ይበልጣል። ይህን ለማየት ጎንደር ውስጥ ጃንተከል ዋርካ ሥር መቆም ነው። ከዚያ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ሄዳችሁ ቁሙ። ሁለቱም ጥላ ናቸው። ግን ቆርቆሮው ራሱ ግሎ ሙቀቱን ቁልቁል ይለቅባችኋል። ዋርካው ከሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ በኩል ይተነፍሳል፤ ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቅጠሉ አይግልም፣ ሥሩ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል።

ቆርቆሮን ካነሳን ጣሪያውን እንጨርስ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እኩለ ቀን ፀሐዩ አናት ላይ ነው የሚያርፈው። አብዛኛው ሙቀት የሚገባው ከላይ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ቀን ያነዳል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው፤ ሙቀት የሚይዝበት ውፍረት የለውም። ኮርኒስ ሲገባ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር ይቀራል። ያ አየር እንዲወጣ ደግሞ ከጣሪያው ጫፍ በሁለቱም ጎን ወንፊት ሽቦ የተገጠመለት ቀዳዳ መተው ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ይደፍናል። ሲደፈን የጋለው አየር እዚያው ታፍኖ ይውላል። ቀለም የምትቀቡ ከሆነም ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚጠጋ ይሁን። ጠቆር ያለ ቀይና ቡኒ ጣሪያ ያምራል፣ ግን ፀሐይ ይጠጣል።

አሁን ወደ ግድግዳው። የአክስቴ ግድግዳ ለምን ቀዘቀዘ? አንደኛ፣ ክፈፉ ሰፊ ነው፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ማድ ቤቱ ጥላ ሆኖለታል። ሁለተኛ፣ ወፍራምና ድፍን ነው። ሙቀት ወፍራም ጭቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚጓዘው። የቀኑ ሙቀት ውስጥ ሳይደርስ ይመሻል፤ ሲመሽ ደግሞ ውጩ ይቀዘቅዛል። ይህን በደንብ የሚያውቅ የፋሲል ግንብ ውስጥ በሚያዝያ የገባ ሰው ነው። በሩን ስታልፉ ወዲያው ብርድ ይመታችኋል። ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቆሟል፣ ሲሠራ ቬንትሌተር የሚባል ነገር አልነበረም።

ግንቡ ሌላም የሚያስተምረን ነገር አለው። የተሠራው በጥቁር ድንጋይና በኖራ ነው። ኖራ የሚገኘው ነጭ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቃጠል ነው። ድንጋዩ ሲቃጠል ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። ቀጥሎ ኖራው በውሃ ይበርዳል፣ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፣ ግድግዳ ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ ነው ደስ የሚለው። ኖራው ሲደርቅ ከአየሩ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መልሶ እየሳበ በዓመታት ውስጥ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ለማቃጠል የገባው ማገዶ ባይመለስም ከድንጋዩ የወጣው አብዛኛው ይመለሳል።

ሲሚንቶ ደግሞ 1,450 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ 8 በመቶ ያህሉ ከሲሚንቶ ማምረት ነው የሚወጣው። ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የነዳጁ ጭስ አይደለም፤ ከራሱ ከድንጋዩ የሚወጣው ነው። ለዚህ ነው ፋብሪካው በንጹሕ ኃይል ቢሠራ እንኳ ችግሩ ሙሉ በሙሉ የማይለቀው።

በጣሊያን ጊዜ ግንቦቹ ሲጠገኑ ሲሚንቶና አርማታ ገብቶባቸው ነበር። በኋላ ላይ በተደረገው ጥገና ያ ሲሚንቶ እየተነሳ ወደ ኖራው ተመልሷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ ግድግዳው የጠጣው የክረምት ውሃ በእሱ በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ይዘጋል፤ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ድንጋዩን ይጎዳል። ጭቃ ቤት ላይ የሲሚንቶ ልስን የሚያስመርጉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ሁለት ክረምት ሳይሞላ ልስኑ እየተላቀቀ የሚወድቀው በዚህ ነው። ጭቃ በጭቃ፣ ወይም በኖራ ነው የሚመረገው።

ሲሚንቶ ይቅር ማለቴ አይደለም። ጂ ፕላስ ሦስት የሚሠራ ሰው አርማታና ፌሮ ያስፈልገዋል። ግን አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት፣ አንድ ማድ ቤት፣ አጥር ጭምር በሲሚንቶ መሆኑ ግድ አይደለም። ድንጋይ እዚሁ ከአጠገባችን አለ። ባህር ዛፉም፣ ጭዱም፣ አፈሩም ቅርብ ነው። ሲሚንቶው ግን በመኪና ተጭኖ ከሩቅ ይመጣል። ጭቃ ቤት ስሙ የጠፋው ስለማይረባ አይደለም፤ በጥድፊያ ስለሚሠራ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ለቀናት አድሮ፣ በእግር በደንብ ሲረገጥ አይሰነጠቅም። መሠረቱ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል በድንጋይ ከፍ ካለና ክፈፉ ከሰፋ ዝናብ አይነካውም። ጭቃ ቤት የሚያፈርሰው ከታች የሚረጨውና ከላይ የሚያፈስሰው ውሃ ነው።

ስለ ሥራ ቦታ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እኔ የምሠራበት ቢሮ በመስታወት በተለበጠ ፎቅ ላይ ነው። መስታወቱ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከምሳ መልስ ፀሐዩ ሲበረታ ሁሉም መጋረጃውን ይዘጋል። መጋረጃው ሲዘጋ ይጨልማል። ሲጨልም መብራት ይበራል። ብርሃን እንዲገባ ተብሎ ግድግዳው በሙሉ መስታወት በሆነበት ቤት ቀን በመብራት እንሠራለን። መስታወቱ ሰሜን ላይ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ዓመት ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን በነጻ ነበረን። ቢሮ ስታደራጁ አንድ ልኬት ያዙ፤ የመስኮት ብርሃን ለንባብ የሚበቃው ከወለል እስከ መስኮቱ አናት ያለውን ቁመት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ እስኪገባ ነው። አናቱ 2 ሜትር ከሆነ 4 ሜትር ድረስ። ጠረጴዛውን እዚያ ውስጥ፣ ፋይልና ፎቶ ኮፒውን ከዚያ ወዲያ አድርጉ። መተላለፊያውን በኮምፖርሳቶ ከመዝጋት ከላይ መስታወት መተውም ይጠቅማል።

ወደ ማድ ቤት እንግባ። ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ አምፖል ነው የሚያጠፋው። ማጥፋቱ ጥሩ ነው፤ ግን ትልቁ በላተኛ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። 9 ዋት የሆነ የኤልኢዲ አምፖል ደግሞ 9 ነው። አንድ ሰዓት ምጣድ ማለት ያንን አንድ አምፖል ለ389 ሰዓት ያህል ማብራት ማለት ነው። ምጣዱ መጀመሪያ ሲሰማ ነው ብዙ የሚበላው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንድ ጊዜ ማብዛት ይሻላል። ጎረቤት ተቀጣጥሮ በተከታታይ ቢጋገር ደግሞ ምጣዱ አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራ ሲቀሩ አጥፉት፤ በራሱ ግለት ይጨርሳቸዋል። አክንባሎው ገጥሞ መክደኑንም አትናቁት።

በእንጨት የሚጋገርበት ቤት ደግሞ ሦስት ጉልቻውን «ምርት» በሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መተካት ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እሳቱ ታጥሮ ምጣዱ ሥር ስለሚቀር ነው። ግማሽ ሸክም እንጨት ቀነሰ ማለት ነው። እንጨት ተሸክማ የምትመጣውን ሴት ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ስለ ከሰል። ይህን በደንብ ስሙኝ። ድሮ ቤቱ በየቦታው ቀዳዳ ነበረው። በክፈፉ፣ በበሩ ሥር፣ በሣሩ መካከል አየር ይወጣ ይገባ ነበር። አዲሱ ቤት ግን ሴራሚክ፣ አልሙኒየም፣ ኮርኒስ ነው፤ ሲዘጋ ጥርቅም ይላል። ሐምሌ ላይ ብርዱ ሲጠና ማንደጃ አስገብቶ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው አለ። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ እንቅልፍ ይጥላል፣ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስና ከተበከለ አየር ጋር በተያያዘ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። እባካችሁ፣ ቡና ሲፈላ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች ገርበብ ይበሉ። ስትተኙ ደግሞ ማንደጃው ውጭ ይደር። ግሪን ህንፃ ማለት ይህንንም ይጨምራል፤ ቤቱ የሚተነፍስበት መንገድ።

የቀረን ውሃ ነው። ጎንደር ውስጥ ስለ ውሃ መስበክ አያስፈልግም። ፈረቃ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ከፍተን እንረሳውና ሌሊት ሲመጣ ፈስሶ ያድራል። ከዚህ የሚበልጥ ብክነት የለም። ቀጥሎ የሚመጣው ጠብታ ነው። በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ጠብ የሚል ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ያህል ያፈስሳል፤ አንድ ሙሉ ጀሪካን። መፍትሔው አንዲት የላስቲክ ጎማ ናት። የድሮ ሽንት ቤት ታንከር ያላችሁ ደግሞ ውሃ የሞላ ሀይላንድ ጠርሙስ ውስጡ አስቀምጡ። በለቀቃችሁ ቁጥር ያንን ያህል ይቆጥብላችኋል።

ግን ትልቁ ውሃ ከላይ ነው የሚመጣው። ስሌቱ እንዲህ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። የአክስቴ ልጅ ጣሪያ 60 ካሬ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር ይወርድበታል። የሚረጨውንና የሚተነውን 20 በመቶ ብንቀንስ 960 ሊትር ይቀራል፤ 48 ጀሪካን። በአንድ ዝናብ! አሁን ያ ሁሉ ውሃ በግድግዳው ሥር ጉድጓድ እየቦረቦረ ወደ ቦይ ይሄዳል። የሚያስፈልገው አሸንዳ፣ ቁልቁል የሚወርድ ቱቦና አንድ ሮቶ ነው። ሮቶ ካልተቻለ በርሜል።

ሁለት ጥንቃቄ አለው። በጋውን የተከማቸ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ወደ ሮቶው አይግቡ፤ ቱቦውን ነቅሎ ወደ ግቢ ማፍሰስ ነው። ማጠራቀሚያው ደግሞ ይከደን፣ ትንኝ እንዳይራባበት። ይህ ውሃ ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለአትክልት ነው። ለመጠጥ ከሆነ ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይሆንም።

ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ አትድፈኑት። አፈር ዝናብ ይጠጣል፤ ሲሚንቶ ወደ ጎረቤት ይልካል። ከላይ ከተራራው የሚታጠበው አፈር የአንገረብን ግድብ በደለል እየሞላ የምንጠጣውን ውሃ ቀንሶብናል። ከየግቢያችን የሚወጣው ጎርፍ ደግሞ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ወንዞች ይገባል፣ ከዚያ ወደ መገጭ፣ ከመገጭ ወደ ጣና። እምቦጭ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ መጀመሪያ የታየው መገጭ ወንዝ በሚገባበት አካባቢ ነው። አረሙ በእርሻ ማዳበሪያና በከተማ ፍሳሽ ይፋፋል። እኛ ቦይ ውስጥ የምንደፋው የሳሙናና የሽንት ቤት ውሃ መድረሻ አለው፤ ዓሣ የሚያወጣው ሰው ጋ ይደርሳል።

አክስቴ የልብሱን የመጨረሻ መለቅለቂያ ውሃ ለጌሾዋ ታጠጣለች። ኦሞ የበዛበትን የመጀመሪያውን ግን አታጠጣም። ጨዋማነቱ ሥር ያቃጥላል፣ ትክክል ናት።

ልጇን ስለ ምዕራቡ ግድግዳ ነግሬዋለሁ። ቤቱን ማዞር አይቻልም። አሸንዳውን ከሰኔ በፊት ለመስቀል ለብረት ሠሪው ቀብድ ከፍሏል። በትልቁ መስኮት ፊት፣ ከግድግዳው አምስት ሜትር ርቆ፣ ዛፍ ሊተክል ነው። እሱ ቶሎ ስለሚያድግ አቮካዶ ይሁን ይላል። አክስቴ ደግሞ ወይራ ካልሆነ አይሆንም ትላለች፤ የጠላ ጋኗን የምታጥነው በእሱ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ስደውል ሁለቱም ችግኝ ተገዝቶ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል።